ቀሪ

ጥቅምት ነው፣ ደብረ ብርሃን፤ ውርጩ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣
በዘበኛው ቤት ደጃፍ ከሰል ተያይዟል።
የሠላሳ ዓመት መዝገቤን ጭኔ ላይ ዘርግቻለሁ፤
የመጨረሻዋን መስመር በቃሌ አውቃታለሁ፦
ብርድ ልብስ፣ ግራጫ፣ ዳር ዳሩ ቀይ ጥለት፣
ተራ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ሦስት።

እሷ ላይ ፋብሪካው ቆመ። ክር አለቀ፣ ሞተር ነደደ፣
ሰውም ፈርሞ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደየሰፈሩ ወረደ።
«ሚሊዮን ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?» ይላል አጎናፍር፣
«ይቺን ሦስት፣ እንደ ሠርግ ማግስት እንግዳ፣ ምን ያንከራትታታል በር ለበር?»

እኔ ግን የመንዝ ሰው ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ
ርስት ሲሟገት ኖረ፤ አቅኚ አባት እየቆጠረ፣ ገመድ እያስጣለ፣
ያቺን የገብስ ማሳ ወንድማማቾቹ ሲሸነሽኗት
በሬ ማዞሪያ እስኪጠፋ ድረስ።
ስለዚህ ቁጥርም ቢሆን ሳልጠይቀው አላልፍም፦
የማን ልጅ ነህ? ማንና ማን ተባዝተው ወለዱህ?

ጡረታ ሰፊ ነው፤ ካርቦን ወረቀትም ተርፎኛል።
ሁለት አልወለደውም፣ ጎዶሎ ነው። ሦስትም ካደው፤ አምስትም ካደው።
በሰባት ሳካፍለው አራት ቀረ።
በአሥራ አንድ፣ አራት።
በአሥራ ሦስት፣ አሁንም አራት።
ሦስት ምስክር በአንድ ቃል! አባቴ ይህን ቢያገኝ
በአንድ ቀጠሮ ይረታ ነበር።

ከሺህ በላይ መድከም አያስፈልግም። ሺህ በሺህ ሚሊዮን ነው፤
ከሺህ የሚበልጥ አባት ካለው እናቱ ከሺህ በታች ናት።
ከሺህ በታችም የሚጠሩት ብቸኞቹ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፣
የሌሎቹ ሁሉ ዘር ከነሱ ነውና፦
መቶ ስልሳ ስምንት፣
የአንድ ሳምንት ሰዓት ልክ።
እኔ ግን ሁለት ክረምት ፈጀሁበት፣ መነጽሬን አንዴ ቀይሬ።

ሃምሳ ሦስት ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቀሪ፣ ሃምሳ ሁለት።
አንድ! አንዲት ብርድ ልብስ ብቻ ብትጨመር፣
እንጉዳይ ያን ቀን ክር ባይበጠስባት፣
ሃምሳ ሦስት እኩል ክምር፣ ትራፊ የሌለው፣ ይቆም ነበር።
ሰማንያ ዘጠኝም እንዲሁ በአንድ ጎደለ፤
እንደ ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ፣ ደጅ ደርሶ «ደህና እደሩ» አለ።

የእንጉዳይ ልጅ ሐመልማል፣ የሒሳብ መምህርቷ፣ እየሳቀች ጨመረችልኝ፦
«በአራት ሲካፈል ሦስት ይቀረዋል፤ እንዲህ ያለው ቁጥር
ከሁለት ካሬ ተደምሮ አይመጣም፣ ጋሽ ደምሰው፣ ቢገጥሙት አይገጥምም።»
ጎረቤቱንም ያሳየችኝ እሷ ናት፤ ከሚሊዮን ማዶ፣
ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ሌላ ብቸኛ ቆሟል፤
በመሃላቸው ያሉት ሁሉ ባለ ዘመድ ናቸው።
ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ አይቻለሁ እንዲህ፣
ሁለት የጭነት መኪኖች ሳይተያዩ ጥሩምባ ሲለዋወጡ።

ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት፤ የመጨረሻው ምስክር።
ድርሻ፣ ሺህ ሦስት። ቀሪ፣ አሥራ ሁለት፤
አንድ እስር ብርድ ልብስ፣ በእኛ አስተሳሰር።
ብዕሬን አስቀመጥኩ። ከራሱና ከአንድ በቀር
ወላጅ የለውም። አጥንቱ አይቆጠርም።

«ታዲያ ምን አተረፍክ?» አለ አጎናፍር።
ምንም። ፋብሪካው ሲዘጋ
ብርድ ልብስ ለየሰዉ ሲታደል የተረፈችው እሷ ነበረች፤
ቁጥሯ ተጠልፎባታል ብሎ ማንም አልወሰዳት፤
ይኸው ትከሻችን ላይ ናት።
«እንቅደዳትና ግማሽ ግማሽ እንያዝ» ይለኛል በየማታው፤
እኔም መዝገቡን ገልጬ አሳየዋለሁ።

ሌሊቱ ሲገፋ ያስላል፤ ጫፏን ወደ ራሱ ይስባል፤
ግራ ትከሻዬ
ውጭ ይቀራል።